መትራህ፣ ዕጣንና የእንጨት ዓሣ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከሾርባ ቤቴ ጓሮ ገብቶ ስልኩን ደቀነብኝና «አክስቴ፣ ይህን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። ፎቶው የሪል ነው፤ ክር የሚጠቀለልበት የዓሣ ማጥመጃ መዘውር፤ ያውም ስቴላ፣ ባለ 18000ው። «አውቀዋለሁ» አልኩት። ስንት ማታ ጨው እንዳጠብኩለት፣ ስንት ማታ በለስላሳ ጨርቅ ወልውዬ መደርደሪያ ላይ እንዳሳደርኩት ግን አልነገርኩትም። እሱ ከሄደ በኋላ ጓሮው በሙሉ መትራህ መትራህ ሸተተኝ። ሀዋሳ ተቀምጬ፣ የዓሣ ሾርባ እሳት ላይ ጥጄ፣ አፍንጫዬን የባሕር ጨው፣ የሪል ዘይት፣ የሄልና የዕጣን ሽታ ሞላው።

ኦማን የሄድኩት እንደ ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ ነው፤ በ2004 ዓ.ም.። ፈጣሪ ይመስገን፣ የገባሁበት ቤት ሰው አክባሪ ነበር። የቤቱን አባወራ እንደ ልጆቻቸው «ባባ»፣ ባለቤታቸውን «ማማ» እላቸዋለሁ። ባባ በወጣትነታቸው በትንሽ ጀልባ ባሕር እየወጡ ቱናን በእጅ ክር ብቻ ያጠምዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ቀኝ መዳፋቸው ላይ ክር ሰንጥቆት የሻረ ጠባሳ ነበር። እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ ሙስካት ከተማ፣ መትራህ ወደብ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ማማ ምሳ አስይዘው ወደዚያ ላኩኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ከጥግ የዕጣን ጭስ ይትጎለጎላል። የዶፋር ዕጣን ነው፤ እኔ ግን የእናቴን የቡና ሥርዓት አየሁበትና እንባዬ መጣ። ባባ ጭሱ ዓይኔን የለበለበኝ መስሏቸው ማጨሻውን አንስተው ወደ ውጭ አወጡት። ማታ ነገሩን ለልጃቸው ነገርኳት። በማግሥቱ ምሳ ይዤ ስሄድ ዕጣኑ ከነማጨሻው እኔ በምቆምበት በኩል ተቀምጦ ጠበቀኝ።

እንዲህ እያልኩ ከምሳ አድራሽነት ወደ ሱቅ ረዳትነት ተሻገርኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ ጥጥ ነበር። አዎ፣ ጥጥ። ባባ አንድ ያገለገለ ዘንግ ሰጡኝና ትንሽ ጥጥ ጠቅልዬ ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ አንድ በአንድ እንዳሳልፍ አዘዙኝ። ቀለበቶቹ ውስጣቸው እንደ ሸክላ ጠንካራ ነገር የተለበጠ ነው። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል፤ አንድ ቀጭን ጭረት ደግሞ የ300 ሜትር ክር በልቶ ይጨርሳል። አራተኛው ቀለበት ላይ ጥጡ ተይዞ ቀረ። «አገኘሽው!» አሉኝ፣ ልክ ዓሣ ያጠመድኩ ያህል ደስ ብሏቸው። አያቴ እንዝርት ስታሾር እግሯ ሥር ተቀምጬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጣቴ የጥጥን ጠባይ ያውቃል። በዚያ በሰው አገር ጣቴ የሚያውቀው ነገር ዋጋ ሲያገኝ የተሰማኝን ስሜት ዛሬም በቃል ልገልጸው አልችልም።

ቀጥሎ ቋጠሮው መጣ። ለቱና የሚያገለግለው ዋናው ክር እንደ ድሮው ናይሎን ሳይሆን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው። አይለጠጥም፤ ቀጭን ሆኖ ብርቱ ነው። ውፍረቱን በጃፓኖቹ አቆጣጠር ፒኢ 6፣ ፒኢ 8 እያሉ ይጠሩታል። ፒኢ 8 ሲባል በደፈናው 80 ፓውንድ የሚችል ብለው ያስቡት። ጫፉ ላይ ግን ፍትጊያ የሚችል ወፍራም መሪ ክር ይቀጠላል። ሁለቱን የሚያጋባው ቋጠሮ ኤፍ ጂ ይባላል። የተጎነጎነውን ክር ወጥሮ በመሪው ላይ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እያደረጉ 20 ጊዜ ያህል ማሳለፍ ነው። ባባ ሁለቴ አሳዩኝ፤ ሦስተኛውን እኔ ሠራሁት። ሹሩባ እኮ ነው! እህቶቼን ስሠራ ያደግኩት፣ ለዓመት በዓል ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ የሚጠብቀኝ ሹሩባ። ባባ ቋጠሮውን እግራቸው ላይ አዙረው በሙሉ ጉልበታቸው ሳቡት፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቁ ቋጠሮ ሁሉ የእኔ ሆነ። «የልጄ እጅ ነው የቋጠረው» እያሉ ነበር ለደንበኛ የሚሰጡት። የልጄ ነው ያሉት፤ የሠራተኛዬ አላሉም።

የሱቁ ትልቁ ትምህርት ግን በሩ ላይ ነበር፤ ሁለት የሩዝ ከረጢቶች፣ አንዷ የ5 ኪሎ፣ ሌላዋ የ10። አንድ ሰው መጥቶ «ለቱና የሚሆን ብርቱ ዘንግ እፈልጋለሁ» ሲል ባባ ዋጋ አይናገሩም። ክሩን ከ5 ኪሎዋ ከረጢት ያስሩና ደረጃው ላይ አቁመው «እስቲ አንሣት፤ አንድ ደቂቃ ያዛት» ይሉታል። በዘንግ ሲነሣ 5 ኪሎ ሌላ ነገር ነው። ወገብ ይናገራል፣ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ 10ሩ ይመጣል። ጡንቻው የፈረጠመ ወጣት 20 ሰከንድ ሳይሞላ ሲያስቀምጣት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ቱናው የሚጎትትህ የዚህን ያህል ነው። ልዩነቱ ሩዙ አይሮጥም» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ነው ዘንግ የሚመርጡለት።

ስለ ዘንግ የሚሉትን ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ። ረጅም ዘንግ ስትወረውሪ ያንቺ ወዳጅ ነው፤ ስትጎትቺ ግን ለዓሣው ያግዛል፤ ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር ወገብሽ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራልና። ስለዚህ ከውኃው በላይ ለሚወረወር የእንጨት ዓሣ፣ ለማባበያው፣ ከ2.3 እስከ 2.6 ሜትር ያለው ይበቃል፤ ጂግ ለሚባለው፣ ወደ ታች ለሚሰደድ የብረት ማባበያ ደግሞ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ያለው አጭሩ ይሻላል። ደግሞ ዘንጉን ሽቅብ አቁሞ መጎተት ክልክል ነው፤ ካርቦን ስለሆነ ጫፉ ላይ ቀጭ ይላል። ብዙ ሰው ግን ትልቅ ዓሣ አስቦ በጣም ጠንካራውን ይገዛል፤ ቀኑን ሙሉ መወርወር ያቅተውና ከሰዓት በኋላ ዓሣው ሲመጣ ክንዱ አልቆ ይጠብቀዋል። በኔ አስተያየት ባባ ከነገሩኝ ሁሉ እውነተኛው ይሄ ነው፤ የሚችሉትን ዘንግ ነው መግዛት።

ሪል ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ስቴላውንም፣ የዳይዋውን ሳልቲጋም ሲያወጡ እጃቸውን ታጥበው ነው። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ የሚወጣ አለ፤ ለእኔ የብዙ ወር ደሞዝ ነበር። መጀመሪያ እንድይዘው ሲሰጡኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። «አይዞሽ፣ ሊያዝ ነው የተሠራው» አሉኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ መዘውሩን እንዳዞር አደረጉኝ። ድምፅ የለውም ማለት ይቀላል፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ነገር ነው። ማርሹን እንደ መኪና አድርገው ነበር የሚያስረዱት። ፈጣኑ ማርሽ በአንድ ዙር ከ1 ሜትር በላይ ክር ይሰበስባል፤ ለውርወራ ጥሩ ነው፤ ዓሣው ከብዶ ሲንጠለጠል ግን ዳገትን በአምስተኛ ማርሽ እንደ መውጣት ይሆናል። ዝግተኛው ማርሽ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት ስለ ፍሬኑ ነው። ድራግ ይሉታል፤ ዓሣው ሲሮጥ ክሩን በልክ የሚለቅለት ማለት ነው። በሚዛን እየሳቡ ከክሩ አቅም አንድ ሦስተኛ ባልበለጠ ያስተካክሉታል። የፍሬን ጥሩነት በጥንካሬው አይለካም ይሉ ነበር፤ ሳይንገጫገጭ በመልቀቁ ነው የሚለካው። ስንት ኪሎ እንደሚይዝ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያነቡትም ነበር።

እኔ ግን ልቤ የነበረው ከእንጨት ዓሦቹ ጋር ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ተደርድረው ዓይናቸውን አፍጥጠው ሲያዩኝ የሚያናግሩኝ ይመስለኝ ነበር። ፖፐር የሚባለው ፊቱ እንደ ስኒ የተቦረቦረ ነው፤ ዘንጉን ሳብ ሲያደርጉት ውኃውን ቡፍ አድርጎ ይመታል፣ አረፋ ይተፋል። ስቲክቤት ሹል ነው፤ ድምፅ የለውም፤ እንደ ቆሰለ ሰርዲን እየተጠማዘዘ ይዋኛል። ጂግ ደግሞ የብረት ዓሣ ነው፤ ቱናው ከላይ ካልታየ ከ150 እስከ 300 ግራም የሚመዝነውን ወደ ጥልቁ ይለቁታል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይወርዳል፣ ጠፍጣፋው እንደ ቅጠል እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን ስጠርግ ባባ «ምረጪ» ይሉኛል። እኔ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ እመርጣለሁ። እሳቸው ደግሞ ትንሹን፣ ደብዛዛውን ሰማያዊ ያነሣሉ። «ቀለሙ ለገዢው ነው፣ መጠኑ ለዓሣው። ቱና ጣት የምታክል ዓሣ እየበላ ክንድ የሚያክል ብታቀርቢለት ዞሮም አያይሽ።» ያን ጊዜ አላመንኳቸውም ነበር።

ያመንኩት ባሕር የወጣን ቀን ነው። ማማና ሴቶች ልጆቻቸው ለሽርሽር ሲወጡ ባባ «እሷም ትመጣለች፤ ቋጠሮዋን ሥራ ላይ ትየው» ብለው አሳፈሩኝ። ገና የንጋት ሶላት አብቅቶ ነው፤ ቤንዚን፣ እርጥብ ገመድና የትናንት ሰርዲን ይሸታል። ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ከአባቴ ጋር በእንጨት ጀልባ ስንቀዝፍ ማዶው ሁልጊዜ ይታየኝ ነበር። እዚህ ማዶ የለም። ተራሮቹ ከኋላችን ቡናማ ጥላ ሆነው ቀሩ፤ ውኃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ። ከዚያ ዶልፊኖቹ መጡ። ከባሕሩ እየዘለሉ በአየር ላይ ይሾራሉ፤ ልክ የአያቴን እንዝርት! ኦማኖቹ ጀይዘር የሚሉት ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና ብዙ ጊዜ ከእነሱ ሥር ስለሚጓዝ የጀልባው ነጂ ወደ መንጋው አልገባም፤ ርቆ ዞረና ከፊታቸው ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ውስጥ የወፎቹ ጩኸትና ውኃው የጀልባውን ሆድ ሲልሰው ብቻ ይሰማል።

ቱናዎቹ የሚበሉት ዓሣ ጣት የምታክል ነበረች። ባባ ትልቁን ፖፐር ሦስቴ ወረወሩ፤ ምንም የለም። ትንሿን ሰማያዊ ስቲክቤት አሰርኩላቸውና ወረወሩ፤ ዘንጉንም እጄ ላይ አስቀመጡት። አራት አምስት ጊዜ ሳብ ሳብ እንዳደረግሁ ባሕሩ ተከፈተ። ሌላ ቃል የለኝም። ያ ሪል፣ ድምፅ የለውም ያልኳችሁ ሪል፣ ጮኸ። ክሩ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ሄደ። አባቴ ሲያጠምድ ያየኋቸው ቆሮሶና ቢልጫ ጥቂት ታግለው ይደክማሉ፤ ይሄ ግን አይቆምም። በኋላ ባባ እንደነገሩኝ ቱና ካልዋኘ መተንፈስ አይችልም፤ ከተወለደ ጀምሮ ቆሞ አያውቅም፤ ሰውነቱም ከሚዋኝበት ውኃ ይሞቃል። ማማ ከኋላዬ ወገቤን ይዘው «ያላ ቢንቲ፣ ያላ!»፣ በይ ልጄ፣ በይ፣ ይሉኛል፤ ታናሿ ልጅ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ታፈስልኛለች። ክንዴ ከእኔ መሆኑ ሲያበቃ ባባ ተቀበሉኝ፤ ትንሽ ይዘው መልሰው ሰጡኝ። ሲወጣ ጎኑ ላይ ወርቅና ሰማያዊ ይፈራረቅበት ነበር፤ ቢጫዎቹ ክንፎች እንደ ማጭድ ረዝመው። 30 ኪሎ ከፍ ይላል አሉ። ቋጠሮዬን ነካሁት። እንዳሰርኩት ነበር።

ወደብ ስንደርስ በየዓመቱ ወደ ሱቁ የሚመጡ አንድ አዛውንት ጃፓናዊ ቆመው ጠበቁን። ዓሣው ገና እንደወጣ ደሙን አፍስሰን በረዶ ውስጥ መክተታችንን አይተው ባባን እጅ ነሡ፤ ታግሎ የሞቀ ሥጋ ካልቀዘቀዘ ይበላሻልና። ከዚያ ቢላቸውን አውጥተው ከሆዱ በኩል ስስ ቁራጭ ቆረጡ፤ አኩሪ አተር ሶስ ነክረው፣ የሚያቃጥል አረንጓዴ ነገር ቀብተው ዘረጉልን። የቤቱ ልጆች ወደ ኋላ አሉ። እኔ ተቀብዬ ጎረስኩ። የሀዋሳው አሞራ ገደል ትዝ ብሎኝ ነው፤ አባቴ ገና የወጣውን ቆሮሶ ገፎ፣ በዳጣ አጥቅሶ ያጎርሰኝ የነበረው። አዛውንቱ ቃል አልተናገሩም፤ ሁለተኛውን ቁራጭ ከሁሉ በፊት ለእኔ ሰጡኝ።

ያጠፋሁበትም ቀን አለ። መንጠቆውን ከእንጨት ዓሣው ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ቀለበት በልኩ ስላላገኘሁ፣ ባባን ሳልጠይቅ አንድ ቁጥር ያነሰውን ለአንድ ደንበኛ አሠርኩ። ሰውየው ማታ ተመለሰ፤ ቀለበቱ ተዘርግቶ ቀጥ ብሏል፣ ዓሣው ሄዷል። ባባ ይቅርታ ጠይቀው በምትኩ አዲስ ሰጡት። እኔን አልተቆጡኝም። የተዘረጋውን ሽቦ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፉልኝ፣ በቃ። እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ማታው ነው። ባሕር ውለው የመጡ ሪሎች ግቢው ውስጥ ይደረደራሉ። መጀመሪያ ፍሬናቸውን እናጠብቃለን፣ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ከዚያ በቀስታ፣ በጉልበት ሳይሆን እንደ ካፊያ፣ ንጹሕ ውኃ እናርከፈክፍባቸዋለን። እንወለውላቸዋለን። በመጨረሻ ፍሬናቸውን እስኪላላ እንፈታዋለን፤ ተጨምቆ ካደረ በጊዜ ብዛት ለስላሳነቱን ያጣልና። «የሠራ ሁሉ ሲተኛ መቀነቱ ይፈታለት» ይሉ ነበር ባባ። ማማ ቴምርና ሄል የገባበት የዐረብ ቡና፣ ቃህዋ፣ ያመጣሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ በደቡብ በኩል ነፋሱ ባሕሩን ስለሚዘጋው፣ ወደ ሐላኒያት ደሴቶች የሚወርዱት ደንበኞች ይጠፋሉ፤ ያን ጊዜ ሥራ ስለሌለ ወሬው ይረዝማል። እኔ ስለ ሀዋሳ አወራለሁ፣ ስለ አባ ኮዳዎቹ፣ ስለ አባቴ መረብ። እሳቸው ይሰማሉ። የአንዲት የቤት ሠራተኛን የአባት ወሬ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሄደችበት ታውቀዋለች።

አሁን ሱቋ የለችም። እኔ ያወቅኩት የመትራህ ዓሣ ገበያም፣ ያ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ የነበረው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ኖርዌጂያኖቹ የስኖሄታ ባለሙያዎች በነደፉት አዲስ ውብ ሕንፃ ተተክቷል። የባባ ታናሽ ልጅ አልፎ አልፎ ድምፅ ትልክልኛለች። ባባ አሁን ባሕር አይወጡም፤ ዓይናቸው ደክሟል። ነገር ግን ማታ ማታ ክር አምጡልኝ ብለው ኤፍ ጂ ይቋጥራሉ፤ በዳሰሳ ብቻ። ሲጨርሱ «የሷ ይሻላል» ይላሉ አለችኝ።

የእህቴ ልጅ ዱባይ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። በእረፍቱ ባሕር መውጣት አስቧል፤ ለዚያ ነው ሪሉን የሚጠይቀኝ። ስልኩ ላይ የአሥር ሪሎች ደረጃ ይዟል፤ የቱ ከየቱ እንደሚበልጥ በቁጥር። ተመልሶ መጥቶ «የቱን ልግዛ?» አለኝ። ጓዳ ገብቼ የ5 ኪሎ ሩዝ አመጣሁና ሸምበቆ ላይ አሰርኩለት። ሳቀ፤ ከዚያ አነሣው፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «እጅህ የሚለውን ስማ፤ ከዚያ ስልክህን ታያለህ» አልኩት። ማታውን ኤፍ ጂን አስተማርኩት። አምስት ጊዜ ፈረሰበት፤ ስድስተኛው ያዘ።

እናንተም ዱባይም ሁኑ ሙስካት ወይም ቦስተን፣ ቤታችሁ ውስጥ ከባሕር የተመለሰ ሪል ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት ጨዉን አጥቡለትና ፍሬኑን አላሉለት።